ቤሌ ላይ ለሱስ መከላከያ ብሩ ከየት ይወጣል?

ልጇን አረቄ የነጠቃት እናት ቤሌ ላይ፣ በኪንዶ ኮይሻ፣ የወረዳውን ደጅ ብትጠና ጉዳይዋ ጤናንም፣ ፖሊስንም፣ ወጣቶችንም፣ ትምህርትንም ይመለከታል። በጀት ሲደለደል ግን እንዲህ ያለ ጉዳይ ባለቤት ያጣል። ለምን እንደሚያጣ ለመረዳት የብሩን መንገድ መከተል ይበጃል።

ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ጥቅል ድጎማ ይሰጣል። በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም የደረሰውን በቀመር ወደ ታች ያከፋፍላል። ወረዳው ያገኘውን ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ በምክር ቤቱ ያጸድቃል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጥቅል መባሉ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ብሩ በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚውል አብዛኛውን የሚወስነው ወረዳው ራሱ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው መዝገቡ ላይ ነው። የመንግሥት ወጪ በሒሳብ መደብ ይጻፋል፦ 6100 የሠራተኛ ደመወዝና ጥቅማጥቅም፣ 6200 ዕቃና አገልግሎት፣ 6300 ቋሚ ንብረት። መደቡ ምን እንደተከፈለበት ይናገራል፤ የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደወጣ አይናገርም። አንዲት ነርስ ከጠጪ ቤተሰብ ጋር ስትመክር የዋለችበት ቀን 6100 ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል። ወረዳ ላይ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ ስለሆነ፣ የሱስ ሥራ ከነዳጅ፣ ከአበልና ከወረቀት ጋር በተረፈችው ሥራ ማስኬጃ ላይ ይሻማል።

አሜሪካ ይህን ለማስተካከል በ1988 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ሥር አንድ መሥሪያ ቤት አቋቁማለች። የየተቋሙን የአደንዛዥ ዕፅ ወጪ በአንድ ሰነድ ሰብስቦ ለአገሪቱ ምክር ቤት ያቀርባል። በ2022 እ.ኤ.አ. እዚያ ከ100,000 በላይ ሰው ከመጠን ባለፈ ዕፅና መድኃኒት ሞቷል፤ ሰነዱ ሞትን አላስቀረም። ነገር ግን ለፖሊስ ምን ያህል፣ ለሕክምናስ ምን ያህል እንደዋለ ዜጋው አይቶ መከራከር ይችላል። ለእኛም የሚያስፈልገን ይኸው ይመስለኛል፤ በወረዳ ደረጃ አንድ ገጽ ይበቃል።

በእኛ አገር ዋናው ጭንቀት አረቄና ጫት ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። አዋጁ እንዲሠራ መሸታ ቤቶቹን የሚዞር ተቆጣጣሪ፣ ለእሱም መጓጓዣና አበል ያስፈልጋል። ይህ የ6200 ወጪ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሕክምናው ነው። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በቁጣ ወይም በስእለት ድንገት ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ አንዳንዱንም ይጥለዋል፤ ሊሞትም ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ በር ዘግቶ «አስቁመነዋል» ይላል። ሊያተርፈው የሚችለው ውድ አይደለም፦ ዳያዜፓም፣ ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ቢ1፣ አሰጣጡንም የሚያውቅ ባለሙያ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው መርሐ ግብር፣ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ይህን እንዲያክሙ ያሠለጥናል። ከባዱ ሕመምተኛ ወደ ሶዶ ከተማ ሆስፒታል ይላካል። ሰክሮ ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ አስተኝቶ አለመለየትን ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሊያስተምሩ ይችላሉ፤ ትውከቱ አንቆት እንዳይሞት ነው።

ስለዚህ ምክር ቤት ፊት «ለሱስ በጀት ይያዝ» ማለት ብቻውን ሩቅ አይሄድም። ስንት ባለሙያ ይሠለጥናል? መድኃኒቱ ለስንት ወር ይገዛል? ተቆጣጣሪው በወር ስንት ጊዜ ይወጣል? እነዚህ በብር ይተመናሉ፣ መደብም አላቸው። ጤና ጣቢያው ከሚሰበስበው የውስጥ ገቢ በቦርዱ ውሳኔ የሚሸፈንም ይኖራል። ጊዜው ዕቅድ የሚዘጋጅበት፣ ከሰኔ በፊት ያለው ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ወይ ከሌላ ሥራ በዝውውር ይቆረጥለታል፣ ወይ ለከርሞ ያድራል።