የእናቴ ሰሌን

እናቴ በርበሬ የምታሰጣበት ሰሌን ዳር ዳሩ ስላለቀ በፕላስቲክ ምንጣፍ ልተካላት አሰብኩ። «በርበሬውስ ይሁን፤ እኔን በምን ልትጠቀልሉኝ ነው?» አለችኝ። ቀልዷን ነው ብዬ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

አዋሽ ለሥራ ስወርድ ታዲያ ሰሌን ፍለጋ ወጣሁ። የአፋር ሴቶች የሚሠሩበት ዱም የሚባለው ዘንባባ ነው። ግንዱ እንደ ሌሎቹ ዘንባባዎች ቀጥ ብሎ አይቀርም፤ ሁለት ሁለት እየሆነ ይከፈላል። ያልተፈታውን ለጋ ቅጠል ቆርጠው ያደርቁታል፣ ይሰነጥቁታል፣ ይጎነጉኑታል። ቤታቸውም በጎበጠ እንጨት ላይ የተጣለ ሰሌን ነው፤ ከብቱን ተከትለው ሲነሱ ጠቅልለው ግመል ላይ ይጭኑታል። ወተት የማያፈስ ዕቃ ሳይቀር ይሰፉበታል! የፍሬው ልጣጭ ይበላል፤ ውስጡ ያለው ነጭ ፍሬ እንደ ቀንድ ስለሚጠነክር በጣሊያን ዘመን ኤርትራ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ይሠራበት ነበር።

ጫፉን ቆርጠው የሚያወርዱት ፈሳሽ ደግሞ ያሰክራል። ዘንባባ ግን የሚያድገው በጫፉ ብቻ ነው፤ ጫፉ የተቆረጠ ግንድ ይደርቃል።

«ዱሮ ቅጠሉ ከቤታችን ጀርባ ነበር» አሉኝ ሰሌኑን የሸጡልኝ እናት። «አሁን በጠዋት ወጥተን ከሰዓት በኋላ ነው የምንመለሰው።» ዋጋ ልከራከር ከፍቼው የነበረውን አፌን ዘጋሁት።

እናቴ ሰሌኑን ዘርግታ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች። መልሳ ጠቀለለችና፣ «በርበሬው በአሮጌው ይሰጣ፤ ይኼን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጥልኝ» አለችኝ።