«ሃክልቤሪ ፊን» በክፍል ውስጥ፦ 140 ዓመት ያልተቋጨ ክርክር

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንደ «የሃክልቤሪ ፊን ገጠመኞች» መምህርን የሚያስጨንቅ ልብ ወለድ ጥቂት ነው። የባርነትን ግፍ ያጋለጠ ታላቅ ድርሰት ነው ተብሎ ይሰጣል፤ ጥቁሮችን የሚያዋርደው ስድብ ደግሞ በውስጡ 219 ጊዜ ተጽፏል። ወላጆች በትምህርት ቦርድ ስብሰባ ተከራክረውበታል፣ ፍርድ ቤት ድረስም ሄደውበታል። አንዳንድ የትምህርት ወረዳዎች ከሥርዓተ ትምህርታቸው አስወጥተውታል፤ አንዳንዶቹም አስወጥተው መልሰውታል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ ልጆቻቸውን ለሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ መጽሐፉ አንድ ቀን በልጃቸው ቦርሳ ቤታቸው ሊገባ ይችላል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና፣ ክርክሩን ከመነሻው እንየው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉና ዘመኑ

ማርክ ትዌይን የብዕር ስም ነው። ደራሲው ሳሙኤል ክሌመንስ በ1835 በሚዙሪ ግዛት ተወልዶ ሃኒባል በምትባል የሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ከተማ አደገ። ሚዙሪ ባርነት በሕግ የተፈቀደባት ግዛት ነበረች። ልጁ ክረምቱን በአክስቱ ባል እርሻ ላይ እያሳለፈ፣ እዚያ በባርነት ከሚሠሩት ሰዎች ተረት ሲሰማ ነው ያደገው። ልብ ወለዱን በ1876 ጀምሮ በ1883 ጨረሰው። በ1884 መጨረሻ እንግሊዝና ካናዳ፣ በ1885 መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ታተመ።

ታሪኩ የሚፈጸመው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ነው። ሃክ ከሰካራም አባቱ ዱላ ያመለጠ ልጅ ነው። ጂም ደግሞ እመቤቱ ወደ ደቡብ ልትሸጠው መሆኑን ሰምቶ የጠፋ ባሪያ ነው። ሁለቱ በግንድ ታንኳ ሚሲሲፒን ይወርዳሉ። ሐሳባቸው ኢሊኖይ ውስጥ ያለችው ካይሮ ሲደርሱ በኦሃዮ ወንዝ በኩል ባርነት ወደሌለባቸው ግዛቶች መሻገር ነበር። ነገር ግን ሌሊት በጉም ውስጥ ካይሮን ሳያዩ ያልፏታል። ነፃነት ፍለጋ የወጣው ጂም በየቀኑ ወደ ባርነት ምድር ይበልጥ እየዘለቀ ይሄዳል።

ተራኪው ሃክ ራሱ ነው፤ ይህ ነጥብ ካልተያዘ ክርክሩ አይገባም። ሃክ የሚያስበውም የሚናገረውም ባርነት የእግዚአብሔር ሥርዓት ነው ብሎ ባሳደገው ማኅበረሰብ አንደበት ነው። ስድቡን የሚጠቀመው እንደ ማንኛውም የሰፈሩ ሰው ሳያስብበት ነው። ትዌይን በመሐል ገብቶ «ይህ ልጅ ተሳስቷል» አይልም፤ ሃክ ያላየውን ማየት የአንባቢው ፈንታ ነው። ለበሰለ አንባቢ የመጽሐፉ ኃይል ከዚህ ይመነጫል። ገና ማንበብ እየተማረ ላለ ልጅ ግን አደጋው እዚሁ ላይ ነው።

ተቃውሞው መልኩን ሲቀይር

በ1885 ማሳቹሴትስ ውስጥ የሚገኘው የኮንኮርድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ከለከለ። በ1905 የብሩክሊን ቤተ መጻሕፍት ከሕፃናት ክፍል አወጣው። በእነዚህ ዓመታት የቀረበው አቤቱታ ስለ ዘር አልነበረም። ቅሬታው ሃክ ይዋሻል፣ ይሰርቃል፣ ትምባሆ ያጨሳል፣ አነጋገሩ ያልተገራ ነው የሚል የሥነ ምግባር ቅሬታ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ኧርነስት ሄሚንግዌይ ዘመናዊው የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ሁሉ ከዚህ መጽሐፍ እንደመነጨ አስቀድሞ በ1935 ጽፎ ነበር። ሃያሲው ሊዮኔል ትሪሊንግ በ1948፣ ባለቅኔው ቲ. ኤስ. ኤሊየት በ1950 ለአዳዲስ እትሞች መግቢያ ጽፈው ድርሰቱን ከታላላቆቹ ተርታ አሰለፉት። መጽሐፉም ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ወረደ።

በዚያው ጊዜ ሌላ ለውጥ መጣ። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትምህርት ቤቶችን በዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥ በጀመሩባቸው ዓመታት፣ መምህሩ እንዲያነቡት የሚሰጣቸው ልብ ወለድ ይህ ሆነ። በ1957 የኒው ዮርክ ከተማ ትምህርት ቦርድ ለአንደኛና ለመካከለኛ ደረጃ ከተፈቀዱ መማሪያዎች ዝርዝር አወጣው። የዛሬው ክርክር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ አንድም ቃል አልተቀየረም፤ የተቀየረው ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ነው።

በ1982 ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ፣ በራሱ በማርክ ትዌይን ስም በሚጠራ ትምህርት ቤት የሚሠሩት ጥቁር አሜሪካዊ የትምህርት ባለሙያ ጆን ዋላስ መጽሐፉ እንዲወጣ ጠየቁ። ጥያቄያቸው አገር አቀፍ ውዝግብ አስነሣ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1990ዎቹ ብዙ ተቃውሞ ከቀረበባቸው መጻሕፍት መካከል 5ኛ ላይ አስቀምጦታል።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይነሣል?

የመጀመሪያው ጭንቅ ንባቡ ራሱ ነው። መምህሩ ተማሪዎች በየተራ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ካደረገ፣ ስድቡ ከአንድ ነጭ ተማሪ አፍ ይወጣል። ዐይኖች ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ወዳለው አንድ ወይም ሁለት ጥቁር ልጅ ይዞራሉ። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ቃሉ ከመጽሐፉ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ መጫወቻ ይሆናል። ጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች ለዓመታት የሚያነሡት አቤቱታ በአብዛኛው ይህ ነው። ይህን «ሥነ ጽሑፍ ያልገባቸው ሰዎች ቅሬታ» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው፤ በዚያ ክፍል የተቀመጠው ልጃቸው ነውና።

በሌላ በኩል መጽሐፉ በደንብ ሲያዝ የሚያስነሣቸውን ጥያቄዎች የሚያህል በቀላሉ አይገኝም። 15ኛውን ምዕራፍ እንውሰድ። ሃክና ጂም በጉም ውስጥ ይጠፋፋሉ። ጂም ልጁ የሞተ መስሎት ልቡ ተሰብሮ፣ ደክሞት እንቅልፍ ይጥለዋል። ሃክ ግን በሰላም ተመልሶ ሲያበቃ «ምንም አልሆነም፣ ሕልም አይተህ ነው» እያለ ይቀልድበታል። ጂም እውነቱ ሲገባው ታንኳው ላይ የተከመረውን ቅጠልና ጉድፍ እያሳየ፣ የወዳጁን ልብ መጫወቻ የሚያደርግ ሰውም እንደዚያው ነው ይለውና ወደ መጠለያው ይገባል። ሃክ ከራሱ ጋር ሲታገል 15 ደቂቃ ቆይቶ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል። መምህሩ እዚህ ላይ ያቆማል። ይቅርታ መጠየቅ ለምን ያን ያህል ጊዜ ፈጀበት? ቀልዱ በነጭ ልጅ ላይ ቢሆን ኖሮ ስንት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር? ተማሪዎች መልሱን ከራሳቸው ሕይወት ያመጡታል።

31ኛው ምዕራፍ ከዚህም ይከብዳል። ሃክ የሰው «ንብረት» መስረቁ ኃጢአት ነው ብሎ አምኖ፣ ጂም ያለበትን ቦታ ለእመቤቱ የሚጠቁም ደብዳቤ ይጽፋል። ከዚያ ጂም ያደረገለትን ሁሉ ያስታውሳል፤ በፈረቃው ሳይቀሰቅሰው ሌሊቱን ስለ እርሱ ሲጠብቅ ያድር እንደነበር ትዝ ይለዋል። ገሃነም ብገባም ልግባ ብሎ ደብዳቤውን ይቀደዋል። የተለመደው የተማሪዎች መልስ ሃክ ባርነት ክፉ መሆኑን ተረዳ የሚል ነው። ጽሑፉ ግን ያን አይልም። ሃክ የተሳሳተው ሕጉ ነው ብሎ አላሰበም፤ ራሱን ነው የኮነነው። አንድ ልጅ ማኅበረሰቡ ያስተማረውን ሕሊና ሳይጠራጠር እንዴት ከዚያ ሕሊና የተሻለ ሥራ ሊሠራ ይችላል? አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚያወያይ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ሙግት የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ይመለከታል። ጂም ተይዞ ይታሰራል። የሃክ ጓደኛ ቶም ሶየር መጥቶ በጀብዱ መጻሕፍት ያነበበውን ሁሉ እየሞከረ ለሳምንታት «ያስመልጠዋል»። ጂም በእመቤቱ ኑዛዜ ነፃ ከወጣ ሁለት ወር እንደሆነው ቶም ያውቅ ኖሯል። ብዙ ሃያስያን ትዌይን እዚህ ላይ ጂምን አሳልፎ ሰጥቶታል ይላሉ፤ ወዳጅ ሆኖ የተጓዘው ሰው ወደ መሣቂያነት ይመለሳልና። ሌሎች ደግሞ የተጻፈበትን ዘመን ያስታውሳሉ። የጥቁሮች መብት ይጠበቅበት የነበረው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ያለው ዘመን በ1877 አብቅቶ፣ በሕግ ነፃ የወጡ ሰዎች እንደገና በሰንሰለት የተያዙበት ወቅት ነበር። የቶም ጨዋታ የዚያ ክህደት ሥዕል ነው ይላሉ። መምህሩ ሁለቱንም ንባብ አቅርቦ ተማሪዎቹ ከጽሑፉ ማስረጃ እያመጡ እንዲሟገቱ ማድረግ ይችላል።

ጥቁር ደራስያን ምን አሉ?

ጥቁሮች ይቃወሙታል፣ ነጮች ይደግፉታል ብሎ መክፈል ስሕተት ነው። ራልፍ ኤሊሰን በ1958 ጂም የተሣለው ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው በሚያሾፉበት የመድረክ ጨዋታ አምሳያ መሆኑን፣ ከዚያ ጭምብል ጀርባ ግን ክብሩና ሰውነቱ እንደሚታዩ ጽፏል። ቶኒ ሞሪሰን በ1996 እትም መግቢያዋ ላይ በመጀመሪያ ንባቧ የተሰማትን መታወክ አልደበቀችም፤ መጽሐፉን ማገድን ግን አልደገፈችም። በዚያው ዓመት መጽሐፉ ከታላላቆች ተርታ መሰለፉን አጥብቃ የተቃወመችው ጄን ስማይሊ ነጭ ደራሲ ናት። በ2024 ደግሞ ፐርሲቫል ኤቨረት ያንኑ ታሪክ በጂም አንደበት የሚተርክ «ጄምስ» የተሰኘ ልብ ወለድ አሳተመ። የእርሱ ጂም ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ በነጮች ፊት ብቻ አነጋገሩን የሚቀይር ሰው ነው። መጽሐፉ በዚያው ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት፣ በ2025 የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ።

ፍርድ ቤትና እርማት

አሪዞና፣ ቴምፒ ውስጥ አንዲት እናት ልጃቸው ይህን መጽሐፍ እንድታነብ በመታዘዟ የትምህርት ወረዳውን ከሰሱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1998 ነገሩን ለሁለት ከፈለው። ፍርድ ቤት መጽሐፍ ከክፍል ይውጣ ብሎ አያዝም፤ የሌሎች ተማሪዎችን የማንበብ መብት ይነካልና። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ተማሪዋ በዘሯ እየተሰደበች መሆኑን እያወቀ ዝም ካለ፣ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ውሳኔ የክርክሩን ትክክለኛ ቦታ ያሳያል፦ መጽሐፉ ጥበቃ አለው፣ ልጅቷም ጥበቃ አላት፤ ሁለቱን ማስታረቅ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው።

በ2011 አንድ አሳታሚ ስድቡን «ባሪያ» በሚል ቃል የተካ እትም አወጣ። ዓላማው መምህራንን ከጭንቅ ማዳን ነበር። እኔ ግን አልደግፈውም። ሃክ የሚወደውን ሰው በዚያ ቃል ሲጠራ የምንሰማው የዘመኑን በሽታ ነው፤ በሽታውን ደብቆ ስለ መዳን ማስተማር አይቻልም። ቃሉን በጽሑፉ ውስጥ መተው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ማዘዝ ሌላ ነገር ነው።

በእገዳና ባለመዘጋጀት መካከል ሦስተኛ መንገድ እንዳለ የታየው በኒው ጀርሲዋ ቼሪ ሂል ነው። በ1990ዎቹ ወላጆች ሲቃወሙ፣ ወረዳው መምህራንን፣ ወላጆችንና የዩኒቨርሲቲ ምሁራንን አሰባስቦ የማስተማሪያ መርሐ ግብር አዘጋጀ። ተማሪዎች ከባርነት የወጡ ሰዎች ራሳቸው የጻፉትንም እንዲያነቡ ተደረገ። ሚኒሶታ ውስጥ የምትገኘው ዱሉት ደግሞ በ2018 መጽሐፉን ከግዴታ ንባብ አውጥታ በቤተ መጻሕፍቷ አስቀመጠችው። ይህን እገዳ ማለት ይከብዳል፤ አንድ መጽሐፍ ግዴታ ሆኖ እንዲቀጥል የሚያስገድድ ምንም ምክንያት የለም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። መጽሐፉ በ11ኛ ክፍል አካባቢ ይሰጥ፤ ከዚያ በታች አይሁን። ከመከፈቱ በፊት ስለ ባርነት ታሪክና ስለ ስድቡ በግልጽ ይነገር፤ ስድቡ በክፍል ውስጥ ከማንም አፍ አይውጣ። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 ስለ ራሱ ሕይወት የጻፈው መጽሐፍ ወይም የኤቨረት «ጄምስ» አብሮት ይነበብ፤ ጂም ስለ ራሱ የሚናገርበት ዕድል ይገባዋልና። ይህን ማድረግ ያልቻለ ትምህርት ቤት ሌላ መጽሐፍ ቢመርጥ ይሻላል።

አሜሪካ ለምትኖሩ ወላጆች አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ የመጣው ከአዲስ አበባ ይሁን ከጎንደር፣ ክፍሉ ውስጥ የሚታየው እንደ ጥቁር ተማሪ ነው፤ ስድቡም ይነካዋል። መጽሐፉ በንባብ ዝርዝሩ ላይ ካለ መምህሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ እንዴት ነው የሚነበበው? ከምን ጋር ነው የሚነበበው? ቃሉ ኮሪደሩ ላይ ቢሰማ ምን ታደርጋላችሁ? አጥጋቢ መልስ ካገኛችሁ መጽሐፉን ከልጃችሁ ጋር አንብቡት። ካላገኛችሁ በትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ላይ ተነሥታችሁ ተናገሩ፤ መናገር መብታችሁ ነው።