የብይ ጉድጓድ በሲሚንቶ ስለ መድፈን

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

የጋዜጣችሁን ገጽ ከዚህ የበለጡ ብዙ ቁም ነገሮች የሚጠብቁት መሆኑን ባውቅም፥ ስለ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ የጻፍሁትን ይህን ደብዳቤ በአንባብያን ዐምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉድጓዲቱ በውነቱ ትንሽ ናት፤ አንድ የቡና ሲኒ ከተቀመጠባት ሌላ ነገር አይጨመርባትም።

ከጥቂት ወራት በፊት፥ በአዲስ አበባ በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ግቢ ውስጥ፥ ከደረጃው ሥር ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ ልጆች ብይ ይጫወቱ ነበር። ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ፥ ልጆቹ ይጮኻሉ፥ ይጣላሉ፥ ይልቁንም በብይ እየተበላሉ ቁማር ይለምዳሉ ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ነገሩ ከውሃ መሥመሩና ከጥበቃው ደመወዝ ቀጥሎ በሦስተኛ ተራ ቁጥር ታየ፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀ። ጉድጓዱ በሲሚንቶ እንዲደፈንና ሥፍራው እንዲለሰን ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ከፊርማዎቹም አንዱ የእኔ ነው። በማግሥቱ ሠራተኛው ሲለስን ልጆቹ ቆመው ያዩ ነበር። አንዱ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፥ «ጋሼ፥ ሌላ ቦታ ብንቆፍርስ?» ሲል ጠየቀኝ። «ኮሚቴው ያየዋል» አልሁት። ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ሥራ የኖረ ሰው ይህን መልስ ለመስጠት ማሰብ አያስፈልገውም።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ ዳንግላ መመለስ ይኖርብኛል።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩና ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲዛወሩ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ዘመኑም 1973 ዓ.ም. ነው። አገሩ ያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር የአገው ምድር አውራጃ ይባል ነበር፤ ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ነው፥ ዋና ከተማውም እንጅባራ ናት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለብይ ተጫዋች ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። እንጅባራ ደጋ ናት፤ ብርዱና ጉሙ ጣት ያደነዝዛል፥ ሣሩም ብዩን ይይዘዋል። ዳንግላ ግን ቀይ አፈር ነው፤ መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ መሬቱ እንደ ተለቀለቀ አውድማ ይጠነክራል፥ ብይ ሲንከባለልበትም ድምፁ ይሰማል። የከተማይቱን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች፥ ቺዝማን የተባለው የእንግሊዝ ቆንሲል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በዳንግላ ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን እንዳጠና ያነሣሉ። ለእኛ ለልጆቹ የከተማይቱ ክብር መሬቷ ነበር።

ብያችን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሱቅ የሚገዛው የመስታወት ብይ ሲሆን፥ በውስጡ እንደ ድመት ዐይን የተጠማዘዘ ቀለም አለበት። ሁለተኛው እኛው ራሳችን ከሸክላ አፈር አድቦልቡለን በምድጃ ዳር የምናደርቀው ነው። የሸክላው ብይ ሲመታ ይሰነጠቃል፥ ዝናብ ካገኘው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ ስለዚህም አምስት የሸክላ ብይ በአንድ የመስታወት ብይ ይመነዘር ነበር።

ለማያውቁት ጨዋታው እንዲህ ነው። ተረከዝን መሬት ላይ በማዞር ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከዚያ ስምንት ወይም ዐሥር እርምጃ ርቆ መሥመር ይሰመራል። ሁሉም ከመሥመሩ ላይ ሆኖ ወደ ጉድጓዱ ይወረውራል፥ የቀረበው ቀድሞ ይጫወታል። ከዚያ በኋላ ብዩ በሁለት ጣት መካከል ተይዞ በአውራ ጣት ይፈናጠራል፤ ጉድጓድ የገባ ሰው የሌላውን ብይ የመምታት መብት ያገኛል፥ የመታውንም ይበላል። ርቀት በስንዝር ይለካል። እዚህ ላይ ነው ክርክር የሚነሣው፤ በማን ስንዝር? እጀ ሰፊው ልጅ ሁልጊዜ በእኔ ይሁን ይላል። በሰፈራችን ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ፥ ልኩ በተመቺው ልጅ ስንዝር ይሁን ተብሎ ተወሰነ፤ አዋቂ ሳይገባበት፥ ቃለ ጉባኤም ሳይጻፍ።

ኋላ በትምህርት ላይ ሳለሁ፥ የስዊሱ ሊቅ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ የልጆችን የሥነ ምግባር ፍርድ ለመመርመር የተነሣው ከብይ ጨዋታ መሆኑን አንብቤ ተደነቅሁ። ትንንሾቹ ልጆች ሕጉ ከትልልቆች የመጣና ፈጽሞ የማይለወጥ ነው ይላሉ፤ ሲጫወቱ ግን እንደ ፈቀዳቸው ነው። ዐሥር፥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆናቸው ሕግ በስምምነት የሚወጣ፥ በስምምነትም የሚለወጥ መሆኑን ይረዳሉ፤ ይልቁንም ከዚያ ወዲህ አጥብቀው ይጠብቁታል። በየመሥሪያ ቤታችን ከፊተኛው ደረጃ ያላለፍን ሰዎች አለን ብል የሚቀየመኝ ይኖር ይሆናል።

ከተጫዋቾቹ አንዱ ዛሬ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ከሚባለው ገጠር መጥቶ፥ ከታላቅ ወንድሙ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነበር። ቅዳሜ አገሩ ይሄዳል፥ እሑድ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። አፉን የፈታው በአገውኛ ስለ ሆነ አማርኛው ገና ይሰናከልበት ነበር። እኔም እንጅባራ በማደጌ አገውኛ ጥቂት እሰማ ነበርና፥ እርሱ በቋንቋው እኔም በቋንቋዬ እየተናገርን እንግባባ ነበር። የተበላ ብይ የምንቆጥረው በአገውኛ ነው፤ እስከ ዐሥር መቁጠር የተማርሁት ከእርሱ ነው።

አንድ ቀን ዐሥራ አንድ አዳዲስ የመስታወት ብይ ይዞ መጣ። ከየት አገኘህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ስንበላላ ቆየንና በመጨረሻ ያለንን ሁሉ በአንድ ዙር አስያዝን። የእርሱ ብይ ርቆ ጎመን መደብ ውስጥ ገባ፤ ሊፈልገው ሄደ። ጀርባውን ባዞረ ጊዜ እኔ የራሴን ብይ በእግሬ አውራ ጣት ገፍቼ ጉድጓዱ ውስጥ ከተትሁት። ተመልሶ ጉድጓዱን አየ፥ እኔንም አየኝ፥ ምንም አልተናገረም። ዐሥራ አንዱንም ወሰድሁ።

በማግሥቱ ነገሩ ተሰማ። ብዮቹን የገዛው ወንድሙ ላምባ ግዛ ብሎ በሰጠው ሳንቲም ኖሯል። ወንድሙ ገረፈው፤ ሳምንቱንም ያለ ኩራዝ አሳለፉ። ይህን ሁሉ ሰምቼ ብዮቹን አልመለስሁም። በዓመቱ አባቴ እንደ ገና ተዛወሩና ከዳንግላ ወጣን።

በጥር ወር 2011 ዓ.ም. በመስክ ሥራ ምክንያት እንጅባራ ነበርሁ። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብርበት ቀን ነው፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፥ የዐድዋ ዘመቻን መታሰቢያ ከጊዮርጊስ ዕለት ጋር አያይዞ ያከብራል። ያን ያህል ያጌጠ ፈረስ በአንድ ሜዳ ተሰልፎ ላላየ ሰው በቃል ማስረዳት አይቻለኝም። በሕዝቡ መካከል ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው በስሜ ጠራኝ። እርሱ ነው። ጎልማሳ ገበሬ ሆኗል፤ ከማሳው ላይ ዲከረንስ የሚሉትን ግራር ተክሎ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እየቆረጠ ከሰል ያከስላል፥ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። እጄን ይዞ አገላብጦ አየና፥ «ስንዝርህ አላደገችም» አለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከአንድ ጠላ ቤት ተቀምጠን፥ አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን ነገር አወጣሁት።

«ያን ቀን ብዩን በእግሬ ነው ያስገባሁት።»

«አውቃለሁ፤ የጣትህ ምልክት አቧራው ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«ብናገር ትጣላኛለህ። ብትጣላኝ ማን ያጫውተኛል? ከእናንተ ሰፈር ልጆች በአገውኛ የሚቆጥር ሌላ ማን ነበር?»

ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ማቋረጡን ነግሮኝ ስለ ነበር፥ በብዩ ምክንያት እንዳይሆን ፈርቼ ጠየቅሁት። ሳቀ። አባቱ ሞተው በሬ የሚጠምድ በመጥፋቱ ነው አለኝ። ይህን የተናገረው እውነት ስለ ሆነ ይሁን ሊያጽናናኝ ብሎ እስካሁን አልለየሁም። ስንለያይ፥ «እንግዲያስ ብዮቼን መልስልኝ» አለ። ቃል ገባሁ። አዲስ አበባ ስደርስ የበጀት ጊዜ ነበር፥ ረሳሁት፤ እነሆ ዓመታት አለፉ።

ሲሚንቶው በፈሰሰ ማታ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው።

ቁማር ነው የሚሉት ጎረቤቶቼ ምንም እውነት የላቸውም አልልም። ብይ ተበልቶ ላምባ ያጣ ልጅ አውቃለሁ፤ ያሳጣሁትም እኔ ነኝ። ነገር ግን ብይ የዋልጌ ልጆች ፈሊጥ ብቻ ነው ለሚሉት ልናገር። የሮማው ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ከልጆች ጋር ተቀምጦ በለውዝ እንደዚህ ያለ ጨዋታ ይጫወት እንደ ነበር ስዌቶንዮስ ጽፏል። በእንግሊዝ አገር ቲንስሊ ግሪን በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ሽማግሌዎች ጭምር ለዋንጫ ይወዳደሩበታል። እኛ ዘንድ ግን አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ልጆቹ ዛሬ በዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጠው አራት ራስ በአንድ ስልክ ላይ ያቀረቅራሉ። አይጮኹም፤ አቤቱታም አልቀረበባቸውም።

በዚያው ሳምንት መርካቶ ወርጄ ዐሥራ አንድ የመስታወት ብይ ገዛሁ። ድሮ የመስታወት ብይ አንድ በአንድ በእጅ የሚሠራ ውድ ነገር ነበር፤ በአሜሪካ አክሮን ከተማ ክርስተንሰን የተባለ ሰው ብይ የሚያድቦለቡል መኪና ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት ካገኘበት በኋላ ረከሰ፤ እስከ ዳንግላ ሱቅ የደረሰውም ስለ ረከሰ ነው። ወደዚያ የሚሄድ የታመነ ሰው እስኪገኝ ሁለት ወር ጠበቅሁ።

ለኮሚቴውም በጽሑፍ አመለከትሁ። ከውሃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ያለችው፥ ወርዷ ሁለት ቁመቷ ሦስት ሜትር የሆነች መሬት ሳትለሰን ለልጆቹ እንድትተው ነው የጠየቅሁት። በሚመጣው ስብሰባ በአራተኛ ተራ ቁጥር ተይዟል፤ እኔው ራሴ ስለ ጻፍሁት አውቃለሁ። ከአንባብያን መካከል እንደ እኔ በየግቢው ኮሚቴ፥ በየማዘጋጃ ቤቱ ወይም በየትምህርት ቤቱ ፊርማ ያላችሁ፥ አንድ ቁራሽ አፈር ከመለሰናችሁ በፊት ልጆቹን ብትጠይቁ ወጪ የለበትም።

ባለፈው እሑድ ጓደኛዬ ስልክ ደወለ። የላክሁት ደርሶታል። በከተማው መንገዱ ድንጋይ ስለ ተነጠፈ ብይ እየነጠረ አልያዝ ብሎ፥ ለልጅ ልጁ በራሱ በር ላይ ጉድጓድ መቆፈሩን ነገረኝ። ከዚያም «ጉድለት እንዳይኖር እንቁጠር» አለና በአገውኛ ጀመረ። እስከ ዐሥር አብሬው ቆጠርሁ፤ ዐሥራ አንደኛውን እርሱ ብቻ ቆጠረ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ