ሙቀት ያጠረው ወፍ

ከያቤሎ ወደ ሜጋ የሚጓዝ ሰው ግራር ጫፍ ላይ የተከመረ የእሾህ ጭራሮ ያያል። ክምሩ የወፍ ጎጆ ነው። ባለቤቱ ገላው ነጣ ያለ፣ ክንፉና ጅራቱ የጠቆረ፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ላባ አልባ ቆዳ ደማቅ ሰማያዊ የሆነ የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ ነው። ሳይንስ በ1938 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት ይህ ወፍ ከዚህ የደቡብ ኢትዮጵያ ጠባብ ምድር በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም።

ይህ ተመራማሪዎችን ለብዙ ዓመታት ግራ ሲያጋባ ኖሯል። ግራሩም፣ ሣሩም፣ ከብቱም ከወፉ መኖሪያ ወሰን ባሻገር አለ። ወፉ ራሱ ሰው አይሸሽም፤ መንደር ዳር እየዋለ እበት እየገለበጠ ነፍሳት ይለቅማል። ታዲያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ለምን አይሰፍርም?

መልሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ተገኘ። ተመራማሪዎች ወፉ የታየባቸውን ቦታዎች ከአየር ንብረት መረጃ ጋር ሲያስተያዩ፣ የወፉ ወሰን ከአንድ ቀዝቀዝ ያለ የአየር ኪስ ወሰን ጋር ገጠመ። በኪሱ ውስጥ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው፤ ዙሪያው ይሞቃል። ወፉን ያጠረው በዓይን የማይታይ የሙቀት አጥር ነበር።

ይህ የጥናት ዘዴ የዝርያዎች ስርጭት ሞዴል ይባላል። መነሻው ሁለት ነገር ነው፤ ዝርያው የታየባቸው ቦታዎች ዝርዝርና የአካባቢው የሙቀትና የዝናብ ካርታ። ካርታው በትንንሽ ካሬዎች ይከፈላል። ኮምፒውተሩ ዝርያው የተገኘባቸው ካሬዎች ከሌሎቹ በምን እንደሚለዩ ይማርና፣ ማንም ያልረገጣቸውን ካሬዎች ሳይቀር ለዝርያው ምን ያህል እንደሚመቹ ይገምታል።

ግምቱ በሜዳ መፈተሽ አለበት። ተመራማሪዎች ወደ ቦረና ተመልሰው ቁራውን በዚያው ሜዳ ከሚመገቡ ሌሎች ወፎች ጋር አስተያዩት። ፀሐይ ስትበረታ ቁራው አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ የሚለቅመውም ምግብ ይቀንሳል። ካርታው የጠረጠረውን የወፉ ጠባይ አረጋገጠ።

አንዳንዴ ደግሞ ግምቱ ሲሳሳት ይበልጥ ይጠቅማል። በማዳጋስካር የ11 እስስት ዝርያዎች ስርጭት ሲገመት፣ ሞዴሎቹ እስስቶቹ ታይተው የማያውቁባቸውን ቦታዎችም «ይመቻሉ» ብለው ነበር። ተመራማሪዎቹ ወደነዚያ ቦታዎች ሄደው ሲፈልጉ ለሳይንስ አዲስ የሆኑ 7 የእስስት ዝርያዎች አገኙ። ግኝቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ለጀማሪ ሞዴል ሠሪ ከባዱ ትምህርት «የለም» እና «አልተፈለገም» የሚሉትን መለየት ነው። ብዙው መረጃ የሚሰበሰበው መኪና በሚደርስበት መንገድ ዳር ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው የወፉን ሳይሆን የመንገዱን ካርታ ሠርቶ ያርፋል።

ለቁጥቋጦ ቁራው የወጣው ትንበያ ልብ ይሰብራል። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ የአየር ሙቀት እየጨመረ ከሄደ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከአሁኑ መኖሪያው ከ90 እስከ 100 በመቶ የሚሆነው አይመቸውም። በዚያው አካባቢ የምትኖር ጅራተ ነጭ ትንሽ ወፍም ከ68 እስከ 84 በመቶ የሚሆነውን መኖሪያዋን ልታጣ ትችላለች። ሁለቱ ወፎች ዝምድና የላቸውም፤ የሚወስናቸው ግን አንድ ነው፦ ከፍተኛው ሙቀትና በበጋ የሚጥለው ዝናብ።

አጥኚዎቹ ወፎቹን ወደሚስማማቸው ሌላ ቦታ ማዛወር ወይም በሰው እንክብካቤ ማራባት ብቸኛው አማራጭ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ለዚያ ደግሞ ወፉ ዛሬ የት እንዳለና ከየት እንደጠፋ በየዓመቱ ማወቅ ያስፈልጋል። በያቤሎ በኩል የሚያልፍ አንባቢ ያንን ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነ ወፍ ካየ፣ ቀኑንና ቦታውን ይመዝግብ፤ መዝገቡንም ለወፍ አጥኚዎች ያድርስ።