የፀሐይ መብራት በቤታችን፤ ፈቃዱን ከማን እንጠይቅ?

የገንዳ ውሃ ፀሐይ ብርቱ ነች። በመጋቢትና በሚያዝያ ሰውም ከብቱም ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ይህች ፀሐይ ማሽላውን ታበስላለች፣ ሂላ የቆመውን ሰሊጥ ታደርቃለች። ሲመሽ ግን ትታን ትሄዳለች። የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰበት ቀበሌ በኩራዝና በእጅ ባትሪ ያመሻል። ሕፃን በሌሊት ሲታመም፣ ከብት ከበረት ሲወጣ፣ ጊንጥ ወይም እባብ ቤት ሲገባ ጨለማ ምን ያህል እንደሚከብድ የቆላ ሰው አሳምሮ ያውቀዋል።

ዛሬ ግን የቀኗን ፀሐይ ለማታ ማቆየት ተችሏል። ይህንን የሚሠራው መሣሪያ ሶላር ይባላል። በገጠርም በከተማም ብዙ ሰው ገዝቶ ተጠቅሞበታል። ታዲያ ገበሬው ሶላር ለመግዛት ሲያስብ ብዙ ጥያቄ ይመጣበታል። መንግሥት ይፈቅዳል ወይ? ቀበሌ ማስፈቀድ አለብኝ ወይ? ለጎረቤቴ ባካፍልስ? በዚህ ትምህርት እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመለከታለን።

ሶላር እንዴት ይሠራል?

የቤት ሶላር አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ጣራ ላይ ወይም ምሰሶ ላይ የሚቀመጠው ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ሁለተኛው ባትሪ ነው። ጎተራ እህል እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ባትሪም ቀን የተገኘውን ኃይል ለማታ ያስቀምጣል። ሦስተኛው መቆጣጠሪያ ነው። ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላና ፈጽሞ እንዳያልቅ ይጠብቀዋል። አራተኛው አምፖሉና ሽቦው ነው።

የሰሌዳው ጉልበት በዋት ይለካል። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 20 ዋት የሆነ ሰሌዳ ብርቱ ፀሐይ 5 ሰዓት ቢያገኝ 20 ሲባዛ በ5፣ 100 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ በባትሪውና በሽቦው ላይ የሚባክን አለ። 65 ያህሉ ለሥራ ይቀራል እንበል። ባለ 3 ዋት አምፖል 3 ቢኖርና ማታ 4 ሰዓት ቢበራ 36 ይወስዳል። ሁለት ስልክ ቢሞላበት ወደ 20 ገደማ ይጨመራል። ድምሩ 56 ይሆናል፤ ይበቃል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይጠይቃል። እንዲህ ባለ ሶላር እንጀራ ይጋገራል የሚል ሻጭ ቢመጣ እያታለለ መሆኑን እንወቅ።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985፣ በእኛ በ1977 ዓ.ም. ገደማ፣ በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንድ መንደር ለ300 ያህል ቤቶች የሚሆን የፀሐይ ኃይል ተተክሎ ነበር። በክልላችንም በሰሜን ሸዋ በሬማ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከ1 ሺህ በላይ ቤቶች የፀሐይ መብራት አግኝተዋል። በሬማ ሥራውን የጀመረው ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ሰሌዳ ተክሎ ብቻ አልሄደም። የሚጠግኑ ወጣቶችን እዚያው አሠልጥኗል። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ጠጋኝ የሌለው ሶላር ሲበላሽ ጣራ ላይ የተቀመጠ መስተዋት ሆኖ ይቀራል።

በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በአውሮፓውያን 2025 ሁሉም ሰው መብራት እንዲያገኝ አቅዶ ነበር። ከመቶው 65 እጅ በመስመር፣ 35 እጅ ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ ማለትም በሶላርና በመሳሰለው እንዲያገኝ ነበር የታሰበው። ጊዜው ሲደርስ ገና መብራት ያላገኘው ገጠር ብዙ ነበር። ስለዚህ መስመሩ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ሰው በራሱ ገንዘብ ሶላር እየገዛ ነው። በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሕጉን ማወቅ አለበት።

ለቤት መብራት ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?

በገጠር በራሱ ይዞታ፣ በራሱ ቤት፣ ለራሱ ቤተሰብ ብቻ ትንሽ ሶላር የሚተክል ሰው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ፈቃድ ሲጠየቅ አይታይም። በአገራችን ያሉት ብዙዎቹ የቤት ሶላሮች የተተከሉት እንዲሁ ከሱቅ ተገዝተው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ፣ “ፈቃዱን እኔ አወጣልሃለሁ፤ ይህን ያህል ብር ስጠኝ” ቢል ቆም ብለን እንጠይቅ። መሥሪያ ቤቱ የት ነው? ደረሰኙስ የታለ? የመንግሥት ክፍያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በደረሰኝ የሚከፈል ነው። ገበያ ላይ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ የፈቃድ ክፍያ ሊሆን አይችልም።

ጥርጣሬ ያለው ሰው የሚጠይቀው የወረዳውን የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ነው። መጠየቅ ነውር የለበትም።

ፈቃድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ ለሌላ ሰው ለመሸጥ ሲታሰብ ነው። ትልቅ ሶላር ተክሎ፣ ሽቦ ዘርግቶ ለመንደሩ በክፍያ መብራት ልስጥ የሚል ሰው ወይም ማኅበር በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፈቃዱን ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ነበር። በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሥራው ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ዞሯል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለብዙ ቤት የተዘረጋ ሽቦ በአግባቡ ካልተሠራ ሰው ይገድላል፤ ዋጋውም ተቆጣጣሪ ከሌለው ደሀውን ይበዘብዛል።

ሁለተኛ፣ በሶላር ንግድ ሲጀመር ነው። ስልክ እየሞሉ ገንዘብ መቀበል፣ ፀጉር ማስተካከል፣ ቀዝቃዛ መጠጥ መሸጥ ንግድ ነው። ፈቃዱ ለሰሌዳው ሳይሆን ለንግዱ ነው። የሚጠየቀውም የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት መስመር በደረሰበት ቤት ነው። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ሶላር የሚጨምር ሰው አለ። ለብቻው በተዘረጋ ሽቦ፣ ለብቻው በተሰቀለ አምፖል ቢጠቀም ችግር የለም። የሶላሩን ኤሌክትሪክ ከቆጣሪው መስመር ጋር ማገናኘት ግን ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ሳይነጋገሩ የሚደረግ አይደለም። ለምን? ሠራተኛው መስመሩን አጥፍቶ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ሽቦው ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ከአንድ ቤት የሚመለስ ኤሌክትሪክ ካለ ግን ምሰሶው ላይ እንዳለ ይይዘዋል። የአንድ ቤት አምፖል የሌላውን ቤት አባት ሊያሳጣ ይችላል።

አራተኛ፣ በከተማ ቤት ላይ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001፣ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ባለባቸው ከተሞች ያለ ፈቃድ ሕንፃ መሥራትና ማሻሻል እንዳይቻል ደንግጎ ነበር። አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ቆርቆሮ ላይ ማሰር ሕንፃ መሥራት አይደለም። ብዙ ሰሌዳ ለመስቀል ጣራ የሚያፈርስና የብረት ማማ የሚያቆም ሰው ግን አስቀድሞ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቅ። ተከራይ የሆነ ሰው ደግሞ የቤቱን ባለቤት ያስፈቅድ። ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። ሲለቅ ሰሌዳው የማን ነው የሚል ጠብ እንዳይነሣ ይረዳል።

አምስተኛ፣ ውሃ በሶላር ለመሳብ ሲታሰብ ነው። በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ መጠቀምና ባህላዊ መስኖ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ከወንዝ በፓምፕ ብዙ ውሃ ስቦ ሰፊ መሬት ማጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በበጋ የወንዙ ውሃ ሲቀንስ ከታች ያለው ገበሬና ከብቱ ይጠማል። ስለዚህ ከፓምፑ በፊት የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤቱን ማነጋገር ይገባል።

በድንበር የሚመጣ ዕቃ

የእኛ አገር የድንበር አገር ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ ድልድዩን ሲሻገሩ ገላባት ነው፤ ሱዳን ነው። ዕቃ ይወጣል፣ ዕቃ ይገባል። ከዚህ ውስጥ በጉምሩክ በኩል ያላለፈ አለ።

እንበል አንድ ገበሬ ሰሊጡን ሸጦ ሶላር ገዛ። ሻጩ ሱቅ የለውም። ዋጋው ግን ከሱቁ ያነሰ ነው። ገበሬው ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ኬላ ላይ ተፈተሸ።

“አባቴ፣ ደረሰኙን ያሳዩኝ” አለው ፈታሹ።

“ምን ደረሰኝ ልጄ? ብሬን ቆጥሬ ሰጥቻለሁ እኮ!”

“ብር መክፈልዎን አልካድኩም። ዕቃው በጉምሩክ ለማለፉ ማስረጃው የታለ?”

ገበሬው የሚያሳየው ወረቀት አጣ። በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት የኮንትሮባንድ ዕቃ ይወረሳል፤ አስተላላፊውም በወንጀል ይጠየቃል። ሻጩ ቢፈለግ አይገኝም፤ ስሙም አይታወቅም። የአንድ ዓመት ሰሊጥ በአንድ ቀን ቀለጠ። አረሙን ያረሙት፣ አጨዳውን ያጨዱት ሚስቱና ልጆቹም አብረው ከሰሩ። “አንዳንድ የሶላር ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ነው” የሚል ወሬም ይሰማል። ነፃ ቢሆን እንኳ በጉምሩክ ሥርዓት አልፎ መግባት አለበት።

ደረሰኝ አንብበን እንቀበል

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ፊደል የቆጠረ ሰው ከሻጭ ፊት ሲቆም ዓይኑ ተከፍቷል። ደረሰኙ ላይ አራት ነገር ይመልከት፤ የሱቁ ስም፣ ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነትና የተከፈለው ብር። ከሰሌዳው ጀርባ የተለጠፈውን ወረቀትም ያንብብ። 20 ዋት ነው ተብሎ የተሸጠ ሰሌዳ ጀርባው ላይ 10 ቢል፣ ተታለናል ማለት ነው።

ዋስትና አለው ከተባለም ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን። ስንት ዓመት? ባትሪውን ይጨምራል ወይ? ማን ይጠግነዋል? በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ደረሰኝ የማግኘት መብት አለው። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለትም ይችላል። ይህን መብት ጊዜ ሳያልፍ፣ ደረሰኙን ይዞ መጠየቅ ነው።

በብድር የሚገዛ ሰው የቀበሌ ደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል። ውሉን ሳያነብ አይፈርም። ያልገባው ቃል ካለ ልጁን ወይም ጎረቤቱን ያስነብብ። 

አተካከሉስ?

ፈቃድ ባይጠየቅም ጥንቃቄ ይጠየቃል። አገራችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሆነች ሰሌዳው ትንሽ ጋደል ብሎ ወደ ደቡብ ይዙር። የዛፍ ጥላ አያግኘው። አቧራው በየጊዜው በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይወልወል። ይህም ሰሌዳው ሳይግል፣ በጠዋት ይሁን። በቆላ ሙቀት ሰሌዳ ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከቆርቆሮው ጋር አይጣበቅ፤ በሥሩ ነፋስ ይለፍበት።

የሣር ክዳን ባለው ቤት ሰሌዳው ለብቻው ምሰሶ ላይ ቢቆም ይሻላል። የተላጠ ሽቦ ከሣር ጋር አይነካካ። አንዲት ብልጭታ ቤቱንም ጎተራውንም ትበላለች። ባትሪው ከእሳትና ከልጆች ይራቅ። አሲድ ያለበት ባትሪ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይቀመጥ። ትልቅ ሶላር የሚተክል ሰው የብቃት ማረጋገጫ ያለውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያሠራ። ወረቀቱን አሳየኝ ማለት ባለሙያውን መናቅ አይደለም።

እንግዲህ ነገሩን ስናጠቃልለው ይህ ነው። ለራስ ቤት ትንሽ መብራት ከሆነ፣ ከሕጋዊ ሱቅ በደረሰኝ ገዝቶ በጥንቃቄ መትከል ነው። ሽያጭ፣ ንግድ፣ የመንግሥት መስመር፣ የከተማ ሕንፃ ወይም የወንዝ ውሃ ካለበት ግን በመጀመሪያ መጠየቅ፣ ቀጥሎ መግዛት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ገንዘብ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ጸጸት ብቻ ነው። በአግባቡ የተተከለ ሶላር ግን ልጁ ማታ ያጠናበታል፤ አባትና እናትም ከልጃቸው ጎን ቁጭ ብለው ይህንኑ መጽሐፍ ያነቡበታል።

ጥያቄዎች

1. ባትሪ ከጎተራ ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?
2. ፈቃድ መጠየቅ የሚያስፈልገው በየትኞቹ አምስት ጊዜዎች ነው?
3. ሶላርን ከመንግሥት መስመር ጋር ማገናኘት ለምን አደገኛ ሆነ?
4. ኬላ ላይ የተያዘው ገበሬ ስሕተቱ ምን ነበር? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
5. በቤታችሁ ያለ አንድ ደረሰኝ አውጡ። የሱቁን ስም፣ ቀኑን፣ የዕቃውን ዓይነትና ዋጋውን አንብባችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።