ከባሕር የተገኘ ቤት

ጅቡቲ ከተማ የሚደርስ መንገደኛ ዓይኑን ከሚስቡት ነገሮች አንዱ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ስም ሲጠራ በኖረው አደባባይ ዙሪያ የቆሙት ነጫጭ ባለቅስት ቤቶች ናቸው። አደባባዩ በይፋ የሚጠራው አገሪቱ ነጻነቷን ባገኘችበት ቀን፣ በ27 ጁን 1977 ነው። በአሮጌው ከተማ ካሉት መሰሎቻቸው አንዳንዶቹ ግን ልስናቸው ረግፎ፣ መስኮታቸው ወልቆ ይታያሉ። ስለ አሠራራቸውና ስለሚፈርሱበት ምክንያት ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን።

ከተማይቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 የቆረቆራት የፈረንሳዩ ገዥ ሌዎንስ ላጋርድ ነው። የምድር ባቡሩ ሥራ ከዚያ በ1897 ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ንግዱ ሰፋ፤ የነጋዴዎችና የሹማምንት ቤቶችም በዙ።

ግንበኞቹ ድንጋይ ፍለጋ ፊታቸውን ወደ ባሕር መለሱ። ኮራል የሚባለው ድንጋይ፣ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት በብዙ ዘመን የሚገነቡት ነው። ቀዳዳ ስለሚበዛበት ቀላል ነው፤ ለመጥረብም አያስቸግርም። ሲቃጠል ደግሞ ኖራ ይወጣዋል። ስለዚህ ባሕሩ ድንጋዩንም ማያያዣውንም ሰጠ ማለት ይቻላል።

የቤቶቹ ቅርጽ የተወሰነው በሙቀቱ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ስለዚህም ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ነፋስ የሚያስገባ የእንጨት ፍርግርግ ያለው ሆነ። ቅስቱም ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ በሥሩ የሚያልፈውን እግረኛ ከፀሐይ ያስጠልላል።

ይሁን እንጂ ቤቱን የሰጠው ባሕር መልሶ ይፈልገዋል። እርጥበት ከመሬት ወደ ግድግዳው ሲወጣ ጨው ይዞ ይወጣል። ውኃው በፀሐይ ሲደርቅ ጨው ብቻውን ይቀርና እየጠጠረ ድንጋዩን ያፈራርሰዋል። የኖራ ልስን እርጥበቱን ስለሚያስተነፍስ፣ ጉዳቱን በራሱ ላይ ተቀብሎ ድንጋዩን ያድናል። በየጊዜው መታደሱ ግን ግድ ነው። ብዙ ሰው ጠንካራ ነው ብሎ ሲሚንቶ ሲለስንበት፣ እርጥበቱ ከውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ ውጪው አምሮ ሳለ ድንጋዩ በውስጥ ይበሰብሳል።

ቤት ሰው ሲለየው የሚደርስበትን በሱዳኗ ሱዋኪን እናያለን። በ1909 የፖርት ሱዳን ወደብ ከተከፈተ በኋላ ነጋዴዎቹ ወደዚያ ሄዱ፤ የኮራል ቤቶቿም አንድ በአንድ ወደቁ። ዛሬ የቀረው አብዛኛው የድንጋይ ክምር ነው።

ጅቡቲ ግን ነዋሪም ወደብም አላት። ለያንዳንዱ ቤት የሚያስፈልገው በጊዜው የሚቀባ ኖራና ሥራውን የሚያውቅ ግንበኛ ነው። አያቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእሳት ቢሆንም፣ ለጨውም ይሠራል። በእፍኝ ኖራ የሚድነው ግድግዳ ከወደቀ በኋላ፣ በብዙ ገንዘብም ቢሆን የሚመለሰው መልኩ እንጂ ራሱ አይደለም።