ቀለበት የሚመስል መስመር፦ ስለ ኮምፒውተር መረብ አካላዊ አቀማመጥ

እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1899 የተዘረጋው የአዲስ አበባና የሐረር የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። እንዲህ ያለ ነጠላ መስመር አንድ ቦታ ሲበጠስ ከተሞቹ ይለያያሉ። ኮምፒውተሮችን ሁሉ በአንድ ወፍራም ገመድ ላይ ያያይዙ የነበሩት ቀደምት የኤተርኔት መረቦችም ይኸው ድካም ነበረባቸው።

ዛሬ በቢሮዎች የሰፈነው የኮከብ አቀማመጥ ነው። መንገዶች አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በምኒልክ አደባባይ እንደሚገናኙ፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከ100 ሜትር በማይበልጥ የራሱ የመዳብ ገመድ ከስዊቹ ጋር ይገናኛል። ገመድ ቢቆረጥ አንድ ተጠቃሚ ይቋረጣል፤ ስዊቹ ቢበላሽ ግን ሁሉም።

ሕንጻን ከሕንጻ ስናገናኝ ቀለበትን የምንመርጠው ለዚህ ነው፤ በአንድ ወገን ቢቆረጥ መረጃው በሌላው ይዞራል። ነገር ግን ፒያሳንና አራት ኪሎን የሚያገናኝ ቀለበት ሁለቱም ክንዶቹ በራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቢሻገሩ፣ በወረቀት ቀለበት፣ በመሬት ግን አንድ መስመር ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ስትቆፈር ያየ ሰው አንድ ኤክስካቫተር ምን ሊያደርግ እንደሚችል አይጠፋውም። ስለዚህ ተማሪ የቀለበት ንድፍ ሲያቀርብልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ መሣሪያዎቹ ፍጥነት ሳይሆን ቦዮቹ በየት በየት እንደሚያልፉ ነው።